አንማው ያበላሸው ቢላዋ

አንማው መሞቱን የሰማሁት ሮብ ገበያ ላይ በአንድ የበሬ ቆዳ ዋጋ ስከራከር ነው። ከድሮው ቀዬያችን የመጣ አንድ ገበሬ «ያ ቀጥቃጭ ጎረቤትህ አረፈ እኮ» አለኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ። ቆዳውን ለቅቄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሻጩ ዋጋው ያስደነገጠኝ መስሎት ቶሎ ብሎ ቀነሰልኝ። አንማው ይህን ቢሰማ ኖሮ «በሞቴ እንኳ አተረፍክ አይደል?» እያለ ክረምቱን ሙሉ ይስቅብኝ ነበር።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር ማለት የተለመደ ነው። እኔ ስለ አንማው ትሑት ነበር ብል እሱ ራሱ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይቆጣኛል። ጉረኛ ነበር። ግትር ነበር። ሲሠራ ያንጎራጉራል፣ ድምፁም ለሰው ጆሮ የሚሆን አልነበረም። ግን እሱ ያለበት ቦታ ቀኑ ሳይታወቅ ነው የሚመሸው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር እንኳ ሰው ወደ እሱ ዳስ የሚሄደው ለእሳቱ ብቻ አልነበረም።

ጎረቤታሞች ነበርን። እሱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እኔ ቆዳ ፋቂ። ያኔ ገበሬው እንደኛ ያለውን ባለ እጅ «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» ብሎ ይሸሸው ስለነበር፣ ቤቶቻችን ከመንደሩ ዝቅ ብለው ወንዙ ዳር ለብቻቸው ነበሩ። እሱ ቢላዋውን ይሠራል፣ እኔ ሰገባውን እሰፋለሁ። የሚሠራባት ዳስ ከመኖሪያ ጎጆው ጀርባ ነበረች። መሐሏ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ከጎኑ መሬት ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ጥቁር የመቀጥቀጫ ድንጋይ፣ ወዲህ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ የሚሞላበት የእንጨት ገንዳ። ከምድጃው ማዶ ሚስቱ የውብዳር ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ይዛ ትቀመጣለች። አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሣለች፣ እሳቱም ሳያቋርጥ ይነፋል። ብረቱ የእሱ ነው፣ እሳቱ ግን የእሷ ነበር። እሷ ካልነፋች አንማው መርፌም አይሠራም።

እኔ ቡዳ ሲሉኝ ያመኝ ነበር። እሱ ግን ይጫወትበት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ባላገር ለአንዲት ቢላዋ ጠዋት የጀመረውን ክርክር እስከ ቀትር ሲያደርቀን፣ አንማው ዝም ብሎ የሰውዬውን ሆድ ሆዱን ማየት ጀመረ። ቆይቶም በለሰለሰ ድምፅ «ለመሆኑ ዛሬ ቁርስህ ምን ነበር?» አለው። ሰውዬው ሆዱን በጋቢው ሸፍኖ፣ የተጠየቀውን እህል ሰፍሮ ሲወጣ ቢላዋውንም ሊረሳው ምንም አልቀረው። አንማው ከኋላው እየሳቀ፣ «አየህ ሞላ፣ ስሙ እንደሆነ አይለቀን። ታዲያ ቁጭ ብሎ ከሚበላን ትንሽ ይሥራልን እንጂ» አለኝ።

ለማንም ቢሆን ቢላዋ የሚሸጠው «ምን ልትቆርጥበት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከሰማ በኋላ ነው። ለሥጋ ከሆነ ሰፋ ያለውን፣ ለጎመንና ለሽንኩርት ከሆነ ቀጠን ያለውን ያወጣል። ከደብረ ማርቆስ የሚመጡት እስላም ነጋዴዎች ለእርድ ሲፈልጉ ረዥሙንና ቀጥ ያለውን ነበር የሚሰጣቸው። ለጠብ የመሰለው ሰው ከመጣ «አልቋል» ይላል፣ ቢላዎቹ እዚያው ፊቱ ተሰድረው እያዩት። አንድ ቢላዋ ሲያልቅ የሚፈትነው በገዛ ክንዱ ላይ ነው። ምራቁን እንትፍ አድርጎ ስለቱን በግራ ክንዱ ላይ ሲያሳልፈው ጸጉሩ ተላጭቶ መውደቅ አለበት። ስለዚህ ቀኝ ክንዱ ጸጉር በጸጉር ሲሆን ግራው የሕፃን ክንድ ይመስላል። «ቀኜ ባሕታዊ፣ ግራዬ ሙሽራ» ይል ነበር። ያልላጨ ቢላዋ ወዲያው ተመልሶ እሳት ይገባል። እኔ «ለሽንኩርት ምን አነሰው? ተወው» ስለው ይቆጣል። «ከደጄ ወጥቶ በየጓዳው ሲያሰድበኝ ይኑር?»

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሰፈረ። መኪናዎቹ ወደ እኛ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ አንዱን ከመንደራችን በላይ ጭቃ ዋጠውና ትተውት ሄዱ። አገሬው ተሯሩጦ ሸራውን፣ ሳንቃውን፣ ገመዱን ተካፈለ። እኔ ለጫማ የሚሆነኝን ጎማ ቆርጬ ተሸከምኩ። አንማው ግን ማንም ያላየውን አይቶ ከሥሩ ገባና ባሌስትራውን ይዞ ወጣ። ያን ከመኪናው ሆድ ሥር ተደራርቦ የታሰረ ወፍራም ብረት እንደ ሕፃን አቅፎት፣ ፊቱ በጭቃ ተለቅልቆ፣ «እዚህ ድረስ ተሸክመው አመጡልኝ እኮ!» እያለ ቤቱ ገባ። ከዚያ ብረት የወጡት ቢላዋዎች ከሠራቸው ሁሉ በለጡ። እሱም ይህን ለራሱ ደብቆ አልያዘውም፤ ሳይጠየቅ ለሁሉም ይናገር ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ጎፈሬው የተንጨባረረ ጎልማሳ መጣ። አርበኛ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ በጋቢው ሥር ጠመንጃው ጉብ ብሎ ይታያል። አንማው እንደ ልማዱ «ምን ልትቆርጥበት ነው?» አለው።

«ሽንኩርት።»

አንማው ጎፈሬውን አየ፣ ጋቢውን አየ። «ብዙ ሽንኩርት አለብህ ማለት ነው» አለና ከባሌስትራው ከሠራቸው የመጀመሪያውን፣ የቀንድ እጀታ ያለውን፣ የሚወደውን አንሥቶ ሰጠው። ሰገባውን እኔ ሰፋሁለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እኔ በአንማው ዳስ ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣ አንድ የጣሊያን ሹም አስተርጓሚና ወታደሮች አስከትሎ በፈረስ ከች አለ። ሰላምታም የለ። ከኮርቻው ላይ አንድ ቢላዋ ፈትቶ ከነሰገባው እግራችን ሥር ወረወረው። ሰገባውን ገና ሳየው አወቅሁት። የራሴን ስፌት እንዴት አላውቀው? አስተርጓሚው፣ «ይህ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ውጊያ ከተደረገበት ቦታ የተገኘ ነው። ባለቤቱ ሽፍታ ነው። ለሽፍታ ቢላዋ የሠራም ሽፍታ ነው፣ ይሰቀላል። የሠራኸው አንተ ነህ?» አለው።

አንማው ጎንበስ ብሎ አነሣው። ከሰገባው አወጣው፣ አገላበጠው። ቶሎ ብሎ እንዲጥለው በልቤ ስለምነው እሱ ስለቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዝገት በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። ኋላ ላይ «የእኔ አይደለም» አለ። ተነፈስኩ።

ሹሙ ግን አላመነም። እጅጌውን ሰብስቦ ቢላዋውን ወሰደና በራሱ ክንድ ላይ አሳለፈው። ቀዩ ጸጉር እርግፍ አለ። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «ጌታው እንዲህ ይላሉ። የሰው እጅ አይዋሽም። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ዓይናቸው እያየ አንድ ቢላዋ ትሠራለህ። እንደዚህኛው ከላጨ ትሰቀላለህ። ካልላጨ ግን ነፃ ነህ» አለ። ይህን ስሰማ እኔ ወዲያው የአንማው ግራ ክንድ ትዝ አለኝ። ተላጭታ ታብረቀርቃለች! ጋቢዬን ገፍፌ ትከሻው ላይ ጣልኩና «አያ አንማው፣ ያን ቃጠሎህን ብርድ እንዳይመታብህ፣ ጠቅልለው» አልኩት። ገባው። እስከ ጣቱ ድረስ ጠቀለለው።

ሰው ሆን ብሎ ሥራውን ሊያበላሽ እንደሚችል ሹሙ ለምን እንዳላሰበ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት አንማውን አንዴ አይቶ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቆት ይሆናል።

የውብዳር ወናፏን ይዛ ተቀመጠች። እሳቱ ተነሣ። አንማው ከባሌስትራው ሳይሆን ከአንድ አሮጌ ማረሻ ላይ እንዲሠራ በጆሮው ብነግረው «የትኛውን ብረት እንደምወስድ አንተ ታስተምረኛለህ?» ብሎ አጉረመረመ፤ እጁም ባሌስትራው ላይ አረፈ። ከዚያ መዶሻውን እያነሣ፣ «አታስብ። መጥፎ መሥራት ምን ያቅታል? ማንም ይሠራዋል» አለኝ።

ማንም ይሠራዋል፣ እሱ ግን አልቻለም። መዶሻው ሲጮህ ወታደሮቹ ስለማይሰሙን ጠጋ ብዬ «አጣመው እንጂ!» እለዋለሁ።

«አጥምሜዋለሁ።»

«ቀጥ ብሏል እኮ!»

ያየዋል። እውነትም ቀጥ ብሏል። በአንድ ምት ያጣምመዋል፣ ሳያውቀው በሚቀጥለው ያቃናዋል። ጀርባውን ወፍራም አድርጎ ይተወውና ዞር ብዬ ስመለስ አቅጥኖታል። ላቡ ይንቆረቆራል። «ሞላ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ በመጨረሻ፤ እንዲያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ብረቱ ተሞርዶ መልክ ሲይዝ ሹሙ እጅ ላይ ካለው ጋር ከአንድ እናት የተወለዱ መስለው ቁጭ አሉ። ወታደሮቹ እንኳ አንዱን አይተው ሌላውን ማየት ጀመሩ።

የቀረው ማጠንከሩ ብቻ ነበር። ቢላዋ የሚጠነክረው ልክ በሚገባው መጠን ቀልቶ ሳለ ውሃ ሲገባ ነው። ቀለሙን አንማው ያውቀዋል። የዳሱን በር በሰሌን ጋርዶ፣ ጨለም ባለው ውስጥ፣ እሳቱ ውስጥ ያለውን ብረት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ያን ቀንም እንዲያው አደረገ። ብረቱ ቀላ፣ ደመቀ። አንማው ፊቱ ተለወጠ። ገመዱንም፣ ሹሙንም፣ እኔንም ረስቶናል። «ትንሽ ቀረው» አለ፣ «ንፊ፣ የውብዳር፣ ንፊ!»

የውብዳር እጇን ከወናፉ ላይ አነሣች።

«ንፊ እንጂ!»

«ክንዴ ዛለ» አለች።

እሳቱ ተኛ። የብረቱ ቀለም እያየነው ከላዩ ላይ ሄደ፤ ጠቆረ። አንማው ብረቱን በጉጠት እንደያዘ ሚስቱን ያያታል፣ እሷ ደግሞ የዳሱን ጣራ ታያለች። አስተርጓሚው «ምን ትጠብቃለህ? ጌታው ቸኩለዋል፣ ንከረው!» ብሎ ጮኸ። አንማው ዓይኑን ጨፍኖ ነከረው። ሁልጊዜ ውሃው በኃይል ይጮህ ነበር። ያን ቀን ትንሽ ተንፍሶ ዝም አለ።

እንደነገሩ ስሎ፣ እጀታ ሰክቶ ሰጣቸው። ሹሙ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ ሲያሳልፈው ቢላዋው ጸጉሩን ሳይቆርጥ ጎተተው። ሹሙ «አይ!» ብሎ ጮኸ፤ ወታደሮቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ እሱ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተርጓሚው ሳቁን እየጨረሰ፣ «‹ይህ ሰው ቅቤም አይቆርጥ› ይላሉ ጌታው። ከእንግዲህ ማረሻህን ቀጥቅጥ። ቢላዋውን ለሚያውቅ ሰው ተውለት» አለ።

የአንማው የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉን ከፈተ። አሁን ጨረሰን አልኩ። የውብዳር ግን ቀድማው ብድግ ብላ እጅ ነሣችና «እግዜር ያክብርልን ጌታው! እኔም ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው፣ ማን ሰምቶኝ!» አለች። ሹሙ መጥፎውን ቢላዋ መሬት ላይ ጣለው። ጥሩውን ግን ወደ ሰገባው መልሶ ወገቡ ላይ አሰረና በፈረሱ ሄደ።

አቧራው እስኪጠፋ ሦስታችንም ቆመን ቀረን። እኔ ተንበርክኬ ቅዱስ ማርቆስን እያመሰገንኩ ሳለሁ አንማው ክንዴን ነቀነቀው። «የትኛውን እንደወሰደ አየህ? ጣለው፣ ያንን ጣለው፣ የእኔን ግን ወገቡ ላይ ታጠቀው! ዓይን አለው ሰውዬው!» ዓይኑ በደስታ ያበራል። ከገመድ ያመለጠ ሰው አይመስልም፣ የተሾመ እንጂ። ከዚያ ደስታው ቀስ ብሎ ለቀቀውና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ክንድሽ ዛለ?»

«ዛለ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳይዝል ዛሬ ዛለ?»

«ዛሬ ዛለ።»

ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ቢላዋ ወደ እሳቱ ሊወረውር ሲያነሣ ከእጁ ነጠቀችው። «አትነካትም! ይቺ የእኔ ሥራ ናት» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ስሜን ታጠፋዋለች!»

«ነፍስህ ከምትጠፋ ስምህ ይጥፋ!»

በነጠላዋ ጠቅልላ ጓዳ ገባች። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጣሊያን ወጣ፣ ሹሙም የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ያቺ ቢላዋ ግን የውብዳር ጓዳ ውስጥ ነገሠች። በየፋሲካው አንማው ለሚስቱ ምላጭ የሆነች ቢላዋ ይሠራላታል፣ እሷ ተቀብላ፣ መርቃ፣ ለምታገባ ሴት ሁሉ ትሰጣለች። በራሷ ሥራ ትከትፋለች። ሽንኩርቱን አትቆርጠውም ነበር፣ ታደቀዋለች እንጂ። አንማው ወጡን እየበላ፣ «ይህ ሽንኩርት በምን ተገደለ?» ይል ነበር። አንድ ጊዜ ሰርቆ ጣራው ክዳን ውስጥ ቢሸሽጋት እስክትመለስ ድረስ እራት አልቀረበም። ሦስታችን ስንገናኝ ሌላ ወሬ አልነበረንም። እኔ ጎማ ጫማ እየሠራሁ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ በኋላ እንኳ ሄጄ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የምጠይቀው የቢላዋዋን ጤና ነው።

ዓመት ዓመትን ሲወልድ ታዲያ ቢላዋዋ መቁረጥ ጀመረች። የውብዳር ኩራቷ አይጣል ነው! እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽንኩርት አምጥታ ፊቱ ላይ ስስ ስስ አድርጋ ትከትፍለታለች። «ስታረጅ ተሻላት። እንደ ሰው ናት፣ ቀስ ብላ ነው የበሰለችው» ትላለች። አንማው ጀርባውን ሰጥቶ «ብረት አይበስልም፣ አትሞኚ» እያለ ያጉረመርማል። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ተገርሜ ነበር።

ለአርባው ተዝካር ሄድኩ። እንግዳው ተበትኖ እቴ የውብዳር ብቻዋን ስትቀር ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ቢላዋዋን ይዛለች። «ሞላ፣ ይቺ ቢላዋ ምን ነካት? እሱ ከሞተ ወዲህ ዶለዶመች። ዛሬ ቲማቲም እንኳ እምቢ አላት» አለችኝ።

ተቀበልኳት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ የቆረጥኩ ሰው ነኝ፣ ስለት አውቃለሁ። ድሮ ሁለት ጣት ትሰፋ የነበረች ቢላዋ ከመሳል ብዛት ቀጥና የሸምበቆ ቅጠል አክላለች። ስለቷ ዙሪያ የመሳያ ድንጋይ ጭረት ሞልቷል፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ጥንቅቅ ያለ። እንዲያ አድርጎ የሚስል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

«እቴ» አልኳት፣ «ይቺ አልተሻላትም ነበር። የላላ ብረት ናት፤ ስለቷ ቀን ከዋለ አያድርም። በየማለዳው ሲስላት የኖረ ሰው አለ።»

«ማን? እኔ ስዬያት አላውቅም። ማን ይ...» ብላ ቆመች። ቢላዋዋን ከእጄ ወስዳ አገላበጠቻት። «በየማለዳው» አለች ቀስ ብላ። «በየማለዳው ከእኔ ቀድሞ ይነሣና በዳበሳ ጓዳ ይገባ ነበር። ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ተነሥቼ አላየሁም። ጠላዬን ሊጠጣ የሚገባ መስሎኝ...»

መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ሳቋ የት ላይ ልቅሶ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

«ጋኑን እየደበቅሁበት ነበር እኮ ሞላ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ጠላ ከለከልኩት።»